ድምፁ አንዴ የሚጮህ፣ አንዴ የሚጠፋ ዝግጅት፦ በስንት ሉፍስ እናውጣው?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በየሳምንቱ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት እንሠራለን። ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ፣ ድምፁን ለብቻው በፖድካስትና በቴሌግራም ቻናላችን እንለቃለን። አዘጋጇ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ናት፤ እንግዶቻችን ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዙም ነው የሚገቡት። አድማጮች የሷ ድምፅ ይጮሃል፣ የእንግዳው አይሰማም፣ የመግቢያው ሙዚቃ ጆሮ ይበሳል ይሉናል። ኦዳሲቲ (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ኖርማላይዝ እያደረግን በ-1 ነው የምናወጣው። ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚለውንም ሞክረን ጭራሽ ከሌሎች ቻናሎች ያነሰ ሆነብን። ስንት ላይ ማድረግ አለብን?»

ምላሽ

ቁጥሩን ላስቀድም። ለዩቲዩብ -14 ሉፍስ፣ ለፖድካስት -16 ሉፍስ (ሉፍስ የሚሰማ ከፍታ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ይጮሃል)፤ በሁለቱም ትሩ ፒክ (ድምፁ ሲጫወት በእርግጥ የሚደርስበት ከፍተኛ ጫፍ) ከ-1 ዲቢ (ዴሲቤል) አይለፍ። ሆኖም ይህን ቁጥር አሁን ባላችሁ ፋይል ላይ ብትጭኑት የአድማጮቻችሁ ቅሬታ እንዳለ ይቀጥላል። ያለባችሁ ችግር ሁለት ነው። አንዱ የጠቅላላው ፋይል ከፍታ ነው፤ ሌላው በፋይሉ ውስጥ ያሉት ሰዎችና ሙዚቃው እርስ በርስ አለመመጣጠናቸው ነው። መጨረሻ ላይ የሚደረግ ኖርማላይዜሽን የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ኤክስፖርት ከመደረጉ በፊት፣ ትራክ በትራክ መሠራት አለበት።

ኖርማላይዝ የሚለው ትእዛዝ የሚያየው ከፍተኛውን ጫፍ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት ንግግር ውስጥ አንዲት ቅጽበት፣ ለምሳሌ ሳቅ፣ የጠረጴዛ መነካት ወይም ማይክ ተጠግቶ የተነገረ ቃል፣ -1 ዲቢ ላይ ከደረሰች የቀረው ሁሉ እዚያው ባለበት ይቆማል። በአማርኛ ይህ በደንብ ይታያል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጰ» ሲፈነዱ አጭርና ሹል ጫፍ ይሠራሉ፤ «ተቆጣጠረ» የሚለውን ቃል አጉልታችሁ ብታዩት ቀጥ ብለው የቆሙ መስመሮች ታያላችሁ። እነዚያ ጫፎች የሚቆዩት ጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሆነ ጆሮ እንደ ከፍታ አይቆጥራቸውም፤ ኖርማላይዝ ግን ልኩን የሚወስደው ከእነሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ፋይሎች እኩል በ-1 ወጥተው አንዱ ከሌላው በ10 ዲቢ ሊያንስ ይችላል።

ሉፍስ የሚለካው ሰው የሚሰማውን ከፍታ ነው። ስሌቱ ቢኤስ 1770 ይባላል፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። በጣም ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ ይቀንሳል፣ ጆሮ የሚነቃበትን ቀጭኑን ክፍል በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ የመላውን ፋይል አማካይ ጉልበት ያወጣል። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት ይህን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2010 አር 128 በተባለው መመሪያው ለቴሌቪዥን -23 ሉፍስን ወሰነ። የናንተ ሁለተኛ ሙከራ የከሸፈውም እዚህ ላይ ነው፦ የኦዳሲቲ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ሲከፈት ተሞልቶ የሚመጣው ቁጥር ይኸው የቴሌቪዥኑ -23 ነው። ሳትቀይሩ ተግብሩት ካላችሁት ዝግጅታችሁ በ-14 ከወጣ ቪዲዮ በ9 ዲቢ ያንሳል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተሞላው ቁጥር ለሌላ ቤት የታሰበ ነው። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሪሚየርም ውስጥ ንግግርን በራሱ እንዲያመጣጥን የሚያደርገው አውቶ ማች ወደዚሁ -23 ነው የሚወስደው።

አሁን ወደ ዋናው። አዘጋጇ በአማካይ -19፣ እንግዳው -28 ሉፍስ ላይ ነው እንበል፤ በዙም ለሚገባ እንግዳ ይህ የተለመደ ልዩነት ነው። ሁለቱ እኩል ጊዜ ቢናገሩ ጠቅላላው -21.5 አካባቢ ይመጣል። ወደ -16 ለማድረስ ፕሮግራሙ ሁሉንም በ5.5 ዲቢ ያነሳል፤ አዘጋጇ -13.5፣ እንግዳው -22.5 ይሆናሉ። መለኪያው -16 ብሎ ያጸድቅላችኋል፣ የ9 ዲቢው ልዩነት ግን ሳይነካ አለ።

እንግዳው ከዚህም ቢያንስ ነገሩ ይብሳል። ስሌቱ ዝምታን ላለመቁጠር በር አለው፤ ከአማካዩ በ10 ዲቢ የሚያንሰውን ክፍል ከሂሳብ ያወጣል። እንግዳው -34 ላይ ከሆነ አማካዩ -22 አካባቢ፣ በሩ -32 ላይ ይሆንና የእንግዳው ንግግር እንደ ዝምታ ይታለፋል። የፋይሉ ቁጥር የአዘጋጇ ብቻ፣ ማለትም -19 ይሆናል። ኖርማላይዜሽኑ 3 ዲቢ ብቻ ጨምሮ ያቆማል፤ እንግዳው -31 ላይ እንደተቀበረ ይቀራል። «-16 አድርገነውም አይሰማም» የሚባለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቀረጻ ነው። ዙም ላይ፣ በኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠውን ቀረጻ ስትመርጡ፣ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ድምፅ በተለየ ፋይል እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን አብሩት። ይህ ካልተደረገ ሁለት ሰው ባንድ ትራክ ተደባልቆ ይመጣና ንግግሩን እየቆረጣችሁ ስትለዩ ሌሊቱ ያልፋል። እንግዳው በሞባይል ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ እንዲገባ ጠይቁት፤ አለበለዚያ የአዘጋጇ ድምፅ በእሱ ማይክ ተመልሶ ይገባል። ስቱዲዮ ውስጥ የአዘጋጇ መደበኛ ንግግር ከ-18 እስከ -12 ዲቢ ባለው ውስጥ ይንቀሳቀስ፣ ሳቋ እንኳ ከ-6 አይለፍ። ቀረጻ ላይ ዜሮን አልፎ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ ዝቅ ቢደረግም መሰንጠቁ አይለቀውም።

ትራኮቹ ኦዳሲቲ ላይ ሲገቡ አዘጋጇ ለብቻ፣ እንግዳው ለብቻ፣ ሙዚቃው ለብቻ ይሁን። በእንግዳው ትራክ ላይ እሱ ዝም ባለበት ሰዓት የሚሰማ ነገር ካለ ዝም አሰኙት፤ የአዘጋጇ ማሚቶ በእንግዳው ልኬት ውስጥ መግባት የለበትም። ቀጥሎ ሳይቋረጥ የሚጮህ ጫጫታ (አየር ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር) ካለ አሁኑኑ ይቀነስ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ እንግዳውን በ12 ዲቢ ስታነሱ -55 ላይ የነበረው ጫጫታም ወደ -43 ይወጣና በጆሮ ማዳመጫ ግልጽ ሆኖ ይሰማል። በሁለቱም የንግግር ትራኮች ላይ 80 ኸርዝ ላይ ሀይ-ፓስ ፊልተር (ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ) አድርጉ። ንግግር ከዚያ በታች የሚያጣው ነገር የለም፤ የጠረጴዛ ድምድምታና የ«ፐ» ትንፋሽ ግን ከዚያ በታች ጉልበት ይዘው ኮምፕሬሰሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ በራሱ የሚቀንሰውን መሣሪያ) ያለ ምክንያት ያሠሩታል።

አሁን የአዘጋጇን ትራክ ብቻ መርጣችሁ ላውድነስ ኖርማላይዜሽንን ክፈቱ፣ -23 የሚለውን አጥፍታችሁ -20 ጻፉ፣ ተግብሩ። የእንግዳውንም ለብቻው እንዲሁ ወደ -20። ሞኖን (ባለ አንድ ቻናሉን ድምፅ) እንደ ሁለት ቻናል ቁጠር የሚለው ሳጥን በሁሉም ላይ ምልክት ይኑርበት። -16 ያላልኩት ለቀጣዩ ሥራ ቦታ እንዲቀር ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ሁለቱ ሰዎች እኩል መሆናቸው ነው።

እኩል ሆኑ ማለት ግን በአማካይ ነው። እንግዳው ሲጀምር ከማይኩ ርቆ፣ ኋላ ሲሞቀው ተጠግቶ ይሆናል። ስለዚህ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ሞገዱን ተመልከቱ። ቀጭን ሆኖ የሚታየውን አንቀጽ ከ3 እስከ 6 ዲቢ ከፍ፣ ሳቁንና ጩኸቱን በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት ለሚሆን ዝግጅት ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይወስዳል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአድማጭ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ግን ይኸው ነው፣ በየትኛውም ፕለጊን መተካቱን አልመክርም። በእጅ ሳይስተካከል ኮምፕሬሰር ላይ የተጣለ ድምፅ ሁልጊዜ የታፈነ ይመስላል።

ከዚያ ኮምፕሬሰር። ሬሾ (የመቀነሱ ልክ) 3 ለ 1፣ አታክ (ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ) 10 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ (ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ) ከ100 እስከ 150 ሚሊሰከንድ። ትሬሾልዱን (መቀነስ የሚጀምርበትን ከፍታ) በቁጥር አልሰጥም፤ ጠንከር ያለ ቃል ሲመጣ ከ3 እስከ 6 ዲቢ ብቻ እንዲቀንስ፣ ለዘብተኛ ንግግር ላይ ደግሞ እንዳይነካ እያያችሁ አውርዱት። አታኩን ወደ 1 ሚሊሰከንድ ብትወስዱት የነ«ጠ»ና የነ«ቀ» ፍንዳታ ይደፈጠጥና ንግግሩ ጥርት ማለቱን ያጣል። 10 ሚሊሰከንድ ላይ ፍንዳታው ያልፋል፤ ጫፉን ቆይቶ ሊሚተሩ (ጫፍ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግደው መሣሪያ) ይይዘዋል። ኮምፕሬሰሩ ከፍታውን ስለሚለውጥ ሁለቱን ትራኮች እንደገና ወደ -20 መልሷቸው።

ሙዚቃው ጆሮ የሚበሳው ገና ከስቱዲዮ ሲወጣ ተጨምቆ ስለሚመጣ ነው፤ ብዙ የዘመኑ ሙዚቃ -10 ሉፍስ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። -20 ላይ ካለ ንግግር አጠገብ ስታስቀምጡት 10 ዲቢ ይበልጠዋል። የመግቢያውን ትራክ ወደ -23 አውርዱት፤ ከንግግሩ በ3 ዲቢ ዝቅ ብሎ ሲገባ ጆሮ እኩል አድርጎ ይቀበለዋል። ንግግር ሥር የሚሄድ ሙዚቃ ካላችሁ ደግሞ ከ-36 እስከ -40 ባለው ይሁን። ክራር ወይም ማሲንቆ ከሆነ ወደ -40 አስጠጉት፤ የማሲንቆ ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ መስመር ላይ ስለሚሄድ ቃላትን ይሸፍናል።

ድብልቁን ወደ አንድ ትራክ ካወረዳችሁ በኋላ ነው ወደ -16 የምትሄዱት። ሁሉም በአንድ ልክ 4 ዲቢ አካባቢ ይነሳል። እዚህ ኦዳሲቲ ላይ የምትጠነቀቁለት ነገር አለ፦ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ጫፎችን አይጠብቅም። ከዜሮ በላይ የወጡት ፕሮግራሙ ውስጥ እያላችሁ አይጎዱም፣ ኤክስፖርት ሲደረግ ግን ይቆረጣሉ። ስለዚህ ቀጥሎ ሊሚተር ግዴታ ነው። ሊሚተራችሁ ትሩ ፒክ የሚል ምርጫ ካለው ጣሪያውን -1 ወይም -1.5 ላይ፣ ከሌለው -2 ላይ አድርጉት። ጣሪያው ዜሮ የማይሆነው ኤምፒ3ም ሆነ ኤኤሲ ፋይሉን ሲያሳንሱ ሞገዱን ስለሚለውጡት ነው፤ በ-0.1 የገባ ጫፍ ሲፈታ ከዜሮ ሊያልፍና በርካሽ ስልክ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሊሚተሩ በጣም ጠንካራ ቦታዎች ላይ ከ3 እስከ 4 ዲቢ ቢቀንስ ጤነኛ ነው። 8 እና 9 እየቀነሰ ከሆነ ወደ ትራኮቹ ተመለሱ፤ ያልተስተካከለ ሳቅ ወይም ያልተነካ ኮምፕሬሰር አለ ማለት ነው።

ሊሚተሩ ጫፎችን ሲቆርጥ አማካዩ በጥቂቱ ይወርዳል። እንደገና ለኩ። ነፃ ከሆኑት መለኪያዎች ዩሊን ላውድነስ ሜትር ጥሩ ነው፤ ፋይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለፍ አለበት፣ ከመሀል አምስት ደቂቃ ለክቶ መፍረድ አይቻልም። ጠቅላላው -16.3 ወይም -15.8 ቢመጣ ተዉት፤ አፕል ለፖድካስት የሚመክረው -16 ላይ 1 ዲቢ ወደ ላይና ወደ ታች ይፈቅዳል። ከጠቅላላው ይልቅ ዓይናችሁን ሾርት ተርም የሚባለው፣ የ3 ሰከንዱ ልኬት ላይ አድርጉ። ንግግሩ ከአዘጋጇ ወደ እንግዳው ሲያልፍ ከ2 ወይም ከ3 ዲቢ በላይ የሚዘል ከሆነ ሥራው አላለቀም፣ ጠቅላላው የፈለገውን ቢያሳይ።

ለፖድካስትና ለቴሌግራም በ-16 ያለውን አውጡ። ቴሌግራም የተጫነውን የድምፅ ፋይል እንዳለ ነው የሚያጫውተው፤ ከፍታ አያስተካክልላችሁም፣ ስለዚህ እዚያ የሚሰማው የናንተው ሥራ ብቻ ነው። ንግግር ብቻ ከሆነ ሞኖ ኤምፒ3 በ96 ኪሎቢት በቂ ነው፤ ዳታ እየቆጠረ ለሚያወርድ አድማጭም ፋይሉ ይቀለዋል። ሙዚቃው ስፋት እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ስቴሪዮ 128። ሞኖ ስታወጡ የሚያደናግር ነገር አለ። ተመሳሳዩ ድምፅ በስቴሪዮ ፋይል -16፣ በሞኖ ፋይል -19 ሆኖ ይለካል፤ ስሌቱ የቻናሎችን ጉልበት ስለሚደምር አንዱ ሲቀር 3 ዲቢ ይጎድላል። ሲጫወት ግን በሁለቱም ጆሮ ስለሚወጣ ለሰሚው ልዩነት የለውም። ኦዳሲቲ ላይ ያ ሳጥን ምልክት ካለው -16 ብላችሁ የሠራችሁት ሞኖ ሌላ መለኪያ ላይ -19 ቢያሳይ አትንኩት።

በአንጻሩ ማይኩ ወደ ግራ ቻናል ብቻ ገብቶ በስቴሪዮ የተቀመጠ ቀረጻ እውነተኛ ስህተት ነው። አድማጩ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፣ በመለኪያም 3 ዲቢ ይጎድላል። ትራኩን ወደ ግራና ቀኝ ከፍላችሁ፣ ባዶውን አጥፍታችሁ፣ የቀረውን ሞኖ አድርጉት።

ለቪዲዮው ሊሚተሩን ከማድረጋችሁ በፊት ያለውን ድብልቅ መልሳችሁ በ-16 ፋንታ -14 ስጡት፣ ከዚያ ሊሚተር። በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ዌቭ አውጥታችሁ የቪዲዮ ፕሮግራሙ ላይ የካሜራውን ድምፅ አጥፍታችሁ አስገቡት። ፌደሮቹ (የድምፅ ከፍታ ማንሸራተቻዎቹ) ዜሮ ላይ ይሁኑ፣ ማስተሩ ላይ ምንም ኢፌክት አይኑር፣ ኤክስፖርት መስኮቱ ላይ ያለው ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ይጥፋ። ሁለት ጊዜ ኖርማላይዝ የተደረገ ድምፅ ከሊሚተር በኋላ እንደገና ይነሳና ጣሪያውን ያልፋል። ድምፁን ኤኤሲ ስቴሪዮ በ384 ኪሎቢት አድርጉት፤ ዩቲዩብ ራሱ የሚመክረው ነው።

ሁለት ፋይል ማውጣት ለሚከብደው ቡድን -15 መልካም መካከለኛ ነው፤ ከአፕል ገደብ ሳይወጣ ከዩቲዩብ በ1 ዲቢ ብቻ ያንሳል። ንግግርን ለማስጮህ ከ-14 በላይ መግፋት ግን ትርፍ የለውም። ዩቲዩብ ከ-14 የበለጠውን ዝቅ ያደርጋል፤ ያነሰውን ግን ከፍ አያደርግም። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ በኮምፒውተር ላይ ቪዲዮው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጋችሁ ስታትስ ፎር ነርድስን ክፈቱ። ቮልዩም በሚለው መስመር ላይ ኮንተንት ላውድነስ 4 ዲቢ፣ ኖርማላይዝድ 63 በመቶ የሚል ካያችሁ ፋይላችሁ ከልኩ በ4 ዲቢ አልፎ ስለነበር ተቀንሷል ማለት ነው። -7 ዲቢ እና 100 በመቶ የሚል ከሆነ ደግሞ በ7 ዲቢ አንሷል፤ ማንም አላነሳላችሁም። የአሁኑን ቪዲዮአችሁን በዚህ ፈትሹት፤ የላውድነስ ሙከራችሁ -9 አካባቢ ማሳየት አለበት። ስቴብል ቮልዩም የሚባለው የዩቲዩብ አማራጭ ከፍና ዝቅ ያለውን በመጠኑ ያቀራርባል፣ ነገር ግን ተመልካቹ ሊያጠፋው ስለሚችል አትመኩበት።

ኦዳሲቲን ትታችሁ በሌላ መሥራት ከፈለጋችሁ መርሁ አይለወጥም። ሪፐር ሬንደር መስኮቱ ላይ የሉፍስ ግብና የትሩ ፒክ ጣሪያ አንድ ላይ ስላለው ለዚህ ሥራ ይመቻል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ፌርላይት ገጹ ላይ መለኪያ አለው። በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ ላውድኖርም የተባለውን ማጣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ሁለት ዙር አድርጉት፤ መጀመሪያ ይለካ፣ የተገኘው ቁጥር በሁለተኛው ዙር ይሰጠው። በአንድ ዙር ሲሠራ ከፍታውን በየቅጽበቱ እያወጣና እያወረደ ስለሚሄድ በንግግር መሀል ያለው ዝምታ ሲያብጥ ይሰማል። የውጤቱን ሳምፕል ሬት 48 ኪሎኸርዝ ብላችሁ ጻፉለት፤ ካልጻፋችሁ 192 ላይ ሊያወጣው ይችላል።

ከመልቀቃችሁ በፊት በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ ቮልዩሙን ወደ ሲሶ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። በዚያ ከፍታ የእንግዳው የመጨረሻ ቃላት፣ የግሡ መድረሻ ሳይቀር ከተሰማ ያልፋል። አማርኛ ዋናውን ግሥ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣና ተናጋሪው እዚያ ሲደርስ ድምፁን ስለሚጥል፣ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ «ነው»ን ከ«አይደለም» የሚለየው ክፍል ነው። ለነዚህ ቦታዎች በእጅ 2 እና 3 ዲቢ መጨመር ይገባል።

አንዴ ከሠራችሁት በኋላ ፕሮጀክቱን ትራኮቹን ባዶ አድርጋችሁ፣ ኮምፕሬሰሩንና ሊሚተሩን ከነቁጥራቸው እንዳሉ ትታችሁ በሌላ ስም አስቀምጡት፤ ቀጣዩ ሳምንት ከዚያ ይጀምራል። የመግቢያ ሙዚቃውም ወደ -23 የወረደው ቅጂ እዚያው ይቀመጥ። ስለ ወጡት ክፍሎች ደግሞ፦ ፖድካስት ላይ ፋይሉን በተስተካከለው መተካት አብዛኞቹ አስተናጋጆች ይፈቅዳሉ፣ ሊንኩም አይለወጥም። ዩቲዩብ ላይ ግን የተጫነን ቪዲዮ ፋይል በሌላ መተካት አይቻልም፤ እንደገና መጫን እይታውንና አስተያየቱን ያሳጣችኋል። እዚያ ያሉትን ተዉአቸውና ከሚቀጥለው ክፍል ጀምሩ፤ ፖድካስቱ ላይ ግን ብዙ የሚደመጡትን መርጣችሁ ከነሱ ጀምራችሁ ተኩ።